ጀርባዋን ለአዲስ አበባ የሰጠችው አንቴና

ለምወድሽና ሁልጊዜ ለምትናፍቂኝ ታላቅ እህቴ ለሐረገወይን ወልደማርያም፤
ሐረር።

እታለም፣ እንዴት ከርመሻል? ጉሮሮሽስ? ያ ብርድ ሲነካው የሚዘጋው ጉሮሮሽ የሐረር አየር ተስማማው ወይስ አሁንም ጠዋት ጠዋት ያስቸግርሻል? እንቅልፍሽ፣ ምግብሽ፣ የቡድንሽ ልጆች፣ እንደ እናት የያዙሽ አከራይሽ እትዬ ፋዲላ፣ ሁሉም እንዴት ናቸው? የእኛን ከጠየቅሽ ናፍቆትሽ ካልሆነ በቀር የጎደለብን የለም፤ ለዚህም ፈጣሪ ይመስገን። ወባ ዘንድሮ እማዬን አንድ ጊዜ ሞክሯት ነበር፤ ምላሷን ፈርቶ ነው መሰለኝ ቶሎ ለቀቃት። ሙቀቱ ያው የሸዋ ሮቢት ሙቀት ነው። ሽንኩርቱ ደርሷል፣ ማሽላው ጥሩ ያዘ፣ ላሟም ወልዳለች። ባለቤቴ ከበደ እንደምታውቂው ነው፤ አይወፍርም፣ አይከሳም፣ ዝም ብሎ ይበላል።

ደብዳቤሽ ከደረሰኝ ሰንብቷል፤ መልሱን ያዘገየሁት ተቀይሜሽ ወይም ሥራ በዝቶብኝ አይደለም። በዚያ ሁሉ ገጽ ውስጥ ከልብሽ የጠየቅሽኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ አባባ በቴሌቪዥን አዩኝ ወይ? አልሽኝ። አዩሽ ብዬ ብጽፍልሽ ውሸት ይሆንብኛል። አላዩሽም ብዬ ብተወው ደግሞ አባባን እበድላለሁ። ስለዚህ ከመጀመሪያው ጀምሬ በተራ ልንገርሽና ታገሺኝ። ከልጅነትሽ ጀምሮ ደብዳቤ ከታች ወደ ላይ ማንበብ ትወጃለሽ፤ የዛሬውን ግን በሞቴ፣ ከላይ ወደ ታች አንብቢልኝ።

ኪነት ገብተሽ ከሐረሩ ቡድን ጋር የሄድሽ ጊዜ አባባ ያሉትን በሰው በሰው ሰምተሻል፤ እኔ ግን አጠገባቸው ቆሜ ነበር። ከቅዳሴ ስንወጣ፣ ከቅዱስ ሚካኤል ደጃፍ ላይ፣ አንዱ የሰፈራችን ሰው ልጅዎ ዘፋኝ ሆነች አሉ ብሎ በሰው ፊት ነካቸው። የአባባ ፊት ጠቆረ። ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ዞረው፣ እኔ ወልደማርያም ልጄን አዝማሪ ሁኚ ብዬ አላሳደግኩም፣ ሚካኤል ምስክሬ ነው፣ ከእንግዲህ ዓይኗን አላይም ብለው ማሉ። የነፍስ አባታችን ኧረ ይተዉ፣ እንዲህ አይበሉ ብለው እጃቸውን ሲያነሡ ቃሉ ከአፋቸው ወጥቶ አልቆ ነበር። አባባን ታውቂያቸዋለሽ፤ በሚካኤል ከማሉ ጎርፍ ቤቱን ቢወስደው ከመሐላቸው አይነቃነቁም። ከዚያ ወዲህ ስምሽን በአፋቸው ጠርተው አያውቁም ነበር። እኔም በምጽፍልሽ ደብዳቤ ሁሉ የቤቱን ሰው ሰላምታ ስደረድር የእሳቸውን ቦታ እዘለዋለሁ፤ አንቺም አንድ ቀን ለምን ብለሽ አልጠየቅሽኝም።

አምና ከድሬዳዋ በጭነት መኪና የላክሽው ቴሌቪዥን የደረሰ ቀን እማዬ እልል አለች፣ አባባ ደግሞ ጋቢያቸውን አንሥተው ወደ ማሳ ሄዱ። ሲመለሱ አውጡልኝ አላሉም፤ ከፍታችሁ እንዳላይ ብቻ አሉ። እማዬ ጥልፍ ያለበት ጨርቅ አልብሳ ጥግ ላይ አስቀመጠችው፣ ዓመት ሙሉም እንዲሁ ተቀመጠ። ያቺ ቀይ ዶሮ አናቱን ወደደችውና እንቁላሏን እዚያው ላይ መጣል ጀመረች። እማዬም የሐረግ ቴሌቪዥን ሥራ አልፈታም እያለች ታስቀን ነበር።

የቡድናችሁ ዝግጅት በኅዳር መጀመሪያ እሑድ ማታ እንደሚተላለፍ የጻፍሽው በጥቅምት ደረሰን። እማዬ ያን ሳነብላት ተነሥታ ዶሮዋን በክንፏ ይዛ አወረደቻትና ከአባባ ፊት ሄዳ ቆመች። የማሉት እርስዎ ነዎት፣ እኔ አልማልኩም፣ ልጄን አያለሁ አለቻቸው። አባባ መልስ አልሰጡም። በእኛ ቤት ይህ እሺ ማለት መሆኑን ታውቂያለሽ።

ቴሌቪዥኑን ስንከፍተው ግን ጤፍ በወንፊት ሲነፋ የመሰለ ነገር እንጂ ሰው አይታይበትም። ለካ አንቴና ይፈልጋል! ከበደ መንገድ ዳር ካለው ሆቴል ያየውን ዓይነት፣ ቴሌቪዥኑ አናት ላይ የምትቀመጥ ባለ ሁለት ቀንድ አንቴና ይዞ መጣ። ቀንዶቿን ሲዘረጋ፣ ሲያጥፍ፣ ከመስኮት ሲያስጠጋ፣ ሳጥን ላይ ሲያወጣት ዋለ፤ ጤፉ መነፋቱን አላቆመም። በመጨረሻ ራዲዮ ጠጋኙን አብዱረዛቅን ጠራነው። የጎረቤታችን የእትዬ ሙሀባ ልጅ ነው፣ ያኔ በየሰርጉ ድምፅ ማጉያ ተሸክሞ የሚዞረው፤ አሁን ገበያው ጫፍ ላይ ሱቅ ከፍቷል። ቀንዳሟን አይቶ ሳቀ። ወላሂ እኛ እኮ ከተራራው ሥር ነው ያለነው፣ ሞገዱ በአናታችን ያልፋል፣ ይቺ እዚህ ቤት ውስጥ ተቀምጣ ምንም አትይዝም አለን። የሚያስፈልገን እንደ ጎድን አጥንት የተደረደሩ ብዙ ዘንጎች ያሏት፣ ከዛፍና ከጣሪያ በላይ የምትሰቀል አንቴና ናት አለ።

ሁለት ምርጫ ነበረን። አንዷ ከአዲስ አበባ የመጣች፣ በካርቶን የታሸገች፣ የምታብለጨልጭ ናት። ሌላዋ አብዱረዛቅ ራሱ ከአሉሚኒየም ቱቦ ቆራርጦ የሠራት ናት፤ አንዱ ዘንጓ ትንሽ ይወላገዳል። ከበደ የካርቶኗን ወደደ። እኔ የአብዱረዛቅን መረጥኩ። የአዲስ አበባዋ ብትበላሽ ከማን ጋር ልጣላ ነው? የአብዱረዛቅ ብትበላሽ ግን ሱቁ ድረስ ሄጄ ጮኼበት እመጣለሁ። እሱም ይህን ሲሰማ ኢንሻአላህ አያጣላንም ብሎ ትከሻዋን እንደ ሙሽራ ይዞ አመጣት።

የት እንስቀላት? ማንጎው በነፋስ ይወዛወዛል፤ የጣሪያው ቆርቆሮ ደግሞ ከበደን አይሸከምም። ከፍ ያለ ነገር ያለን አንድ ብቻ ነው፤ ጓሮ ካለው ማሽላ መሐል የቆመው የአባባ ማማ። ዛሬም ማሽላው ማፍራት ሲጀምር ከንጋት ጀምሮ እዚያ ላይ ወጥተው፣ ወንጭፋቸውን ይዘው፣ ግሪሳውን እየጮኹ ሲያባርሩ ይውላሉ። እማዬ ማማውን ስትጠይቃቸው፣ ማማ የወፍ መጠበቂያ ነው፣ ለሌላ ነገር አልሠራሁትም ብለው ጀርባቸውን ሰጧት። በነጋታው ጠዋት ማሳው ስንደርስ ግን በማማው አንድ ማዕዘን ላይ ትናንት ያልነበረ ረጅም ቀጥ ያለ ቋሚ በጠፍር ጥብቅ ብሎ ታስሮ አገኘነው። ማን አሰረው ብሎ የጠየቀ የለም። አባባም ዞር ብለው ወንጭፋቸውን ያበጃሉ።

እንግዲህ የአንቴና ተከላችንን ብታዪ ደቦ የተጠራ ነው የሚመስለው። የሰፈሩ ሰው ሁሉ መጣ፣ ሁሉም አዛዥ ሆነ። ከበደ ከፍታ እንደሚፈራ ታውቂያለሽ፤ ከማማው ላይ ወጥቶ ዓይኑን ጨፍኖ ነው ያሰራት። ወዴት ትዙር በሚለው ግን አንድም ሰው አልተከራከረም። ቴሌቪዥን የሚመጣው ከአዲስ አበባ ነው፣ አዲስ አበባ የሚኬደው በጣርማ በር ነው፣ ስለዚህ ፊቷ ወደ ጣርማ በር ይሁን ተባለ። አብዱረዛቅ ራሱ አመነበት። እኛም ፊቷን ወደዚያ ግድግዳ ወደሚያህል ተራራ አዙረን፣ እልል ብለን ገባን። ከጤፉ ውስጥ የሰው ጥላ የመሰለ ነገር ብቅ ይላል፣ ይጠፋል፤ ወንድ ይሁን ሴት አይለይም። ሰንበቱ እየቀረበ ሲመጣ እማዬ ምግብ መብላት ተወች። እኔም አንቺ በዚያ ጤፍ መሐል ጥላ ሆነሽ ስታልፊ ይታየኝ ጀመር።

ሐሙስ ወደ ማምሻው፣ ግሪሳው ወደ ማደሪያው ከመሄዱ በፊት ለመጨረሻ ጊዜ በሚወርድበት ሰዓት፣ እማዬና እኔ ተስፋ ቆርጠን ጤፉን እያየን ተቀምጠናል። ከውጭ ቋ! የሚል ድምፅ ተሰማ። ወዲያው ከቴሌቪዥኑ መስታወት ላይ አንዲት ሴት ቁልጭ ብላ ወጣች። የጆሮ ጌጧ እንኳ ይታያል! ሮጬ ስወጣ አባባ ከማሳው ዳር ባዶ ወንጭፍ ይዘው ቆመዋል። ግሪሳው የአንቴናዋን ዘንጎች ለእሱ የተዘጋጁ መቀመጫዎች አድርጎ ተደርድሮባቸው ኖሯል፤ አባባም እንደ ልማዳቸው ወነጨፉ። ድንጋዩ አንቴናዋን መትቶ አሽከርክሯታል። ጀርባዋን ለጣርማ በርና ለአዲስ አበባ ሰጥታ፣ ፊቷን በተቃራኒው፣ በጀውሃ በኩል ወዳለው ኮረብታ አዙራለች። ከበደ አባባ ያጠፉትን ላቃና ብሎ ወደ ማማው ሲሮጥ እማዬ ከቤት ውስጥ አትንኳት! ብላ የጮኸችው ጩኸት እናንተ ጋ ሐረር ያልተሰማ እንደሆነ ይገርመኛል።

አብዱረዛቅ መጥቶ ዙሪያዋን ዞረ፣ ራሱን አከከ፣ አሁንም ዞረ። በመጨረሻ፣ በአናታችን የሚያልፈው ሞገድ ከዚያ ማዶ ካለው ኮረብታ ጋር ተጋጭቶ እየተመለሰ ነው፣ ልክ እንደ ገደል ማሚቶ አለ። አባባ ከሩቅ ሆነው ይሰሙ ነበር። ያ ኮረብታ እኔ ወፍ ሳባርር ዕድሜ ልኩን ሲመልስልኝ የኖረ ነው፣ ለሌላው ለምን አይመልስ አሉና ወንጭፋቸውን ጠቅልለው ገቡ። እስከ ዛሬ የሚያስገርመኝ አንድ ነገር አለ። አባባ በወንጭፍ ስተው አያውቁም። ያን ያህል ወፍ ከተደረደረበት መሐል ዘንጉን መትተው አንዲት ወፍ እንኳ ሳትወድቅ እንዴት ቀረች? ስጠይቃቸው ዓይኔ ደክሟል አሉኝ። ዓይናቸው ከማሳው ወዲያ ማዶ የገባች ፍየል ለይቶ ያውቃል።

በማግስቱ የገበሬ ማኅበሩ ሊቀመንበር መጥቶ ይህች አንቴና ለዋና ከተማው ጀርባዋን የሰጠችው በምን ምክንያት ነው ብሎ ኮስተር አለብን። ከበደ ላብ አጠመቀው። እማዬ ግን ጓድ ሊቀመንበር፣ ሥዕሉ ዞሮ ስለሚመጣ እኛም ዞረን እንቀበለዋለን አለችው። ትንሽ አሰበና እሑድ እኔም እመጣለሁ ብሎ ሄደ። መጣም፣ ከነቤተሰቡ።

እሑድ ቤታችን ሰው አልያዘውም። ክርስቲያኑም እስላሙም፣ ደጁ ድረስ ተጨናንቆ ተቀመጠ። እትዬ ሙሀባ ከእማዬ ጎን ናት፣ አብዱረዛቅ ከቴሌቪዥኑ አጠገብ እንደ ሐኪም ቆሟል። ጀንበር ስትጠልቅ ግን ያ ከበረሃው የሚነሣው ነፋስ ተነሣ። አንቴናዋን ድንጋዩ ከመታት ወዲህ ማሰሪያዋ ላልቶ ስለነበር በነፋሱ ትወዛወዛለች፤ ስትወዛወዝ ሥዕሉ ይሄዳል። ልትቀርቢ ትንሽ ነው የቀረሽ። አብዱረዛቅ ፈትተን ለማሰር ጊዜ የለንም፣ አንድ ሰው ወጥቶ በእጁ ይያዛት አለ። ከበደ ምራቁን ውጦ ተነሣ። ማማው ሥር ስንደርስ አባባን ጋቢያቸውን ወገባቸው ላይ አስረው እዚያው ቆመው አገኘናቸው። አንተ ግባ፣ የሚንቀጠቀጥ እጅ አያቆማትም አሉት። ቀጥለውም፣ የማልኩት ዓይኗን ላላይ ነው፣ እጄ ግን አልማለም አሉ። እንዲህ ብለው ማማው ላይ ወጡና ቋሚውን በሁለት እጃቸው አቀፉት።

ከዚያ አንቺ መጣሽ። እታለም፣ ምን ብዬ ልጻፍልሽ? ከፊት ረድፍ ከዳር ሁለተኛ ነበርሽ። ሹሩባሽን፣ የአንገትሽን ጥልፍ፣ ስትስቂ የሚታየውን የተነባበረ ጥርስሽን ሁሉ አየነው። የዘፈኑን ሁለተኛ ቤት ብቻሽን ስትይዢው ያ ሁሉ ሰው ጸጥ አለ። እማዬ ተነሥታ ሄዳ መዳፏን መስታወቱ ላይ፣ ጉንጭሽ ላይ አሳረፈች። እትዬ ሙሀባ ማሻአላህ፣ ማሻአላህ ትላለች። ከበደ የማያውቅ ያለ ይመስል ይቺ እኮ እህታችን ናት እያለ ለሁሉም ይናገራል። እኔ አለቀስኩ። ደስታም ነው፣ ሌላም ነው።

እማዬ ወዲያው ወደ እኔ ዞራ አባትሽን ጥሪያቸው፣ አንድ ጊዜ እንኳ ይዩአት አለችኝ። ሮጬ ከማማው ሥር ቆምኩና አባባ ይውረዱ፣ ከበደ ይያዝልዎ፣ አንድ ጊዜ ብቻ ይዩአት ብዬ ለመንኳቸው። ፊታቸውን ሳያዞሩ ተይ ልጄ፣ ብነቃነቅ ትጠፋባችኋለች አሉኝ። ልመለስ ስል ግን መልሰው ጠሩኝ። ከስታለች ወይ? አሉ። አልከሳችም፣ እንዲያውም አምሮባታል አልኳቸው። ቀጥለውም ጉሮሮዋ ደህና ነው፣ ሰማሁት አሉ። ድምፃቸው የሁልጊዜው ድምፅ አልነበረም። እኔም እንዳያፍሩ ብዬ ቶሎ ገባሁ።

የእናንተ ዝግጅት አልቆ ሰው እየተሳሳቀ ሲወጣ አባባን ማንም አላስታወሳቸውም። ዜናውንም፣ ከዜናው በኋላ ያለውንም ሁሉ ቋሚውን አቅፈው አሳለፉት፤ ለካ ተመልሳ ብትመጣስ ብለው ነው። ከበደ ሄዶ አልቋል ሲላቸው ክንዳቸው አልዘረጋ ብሏል። እማዬ በቅቤ እያሸቻቸው ቀሚስሽን፣ ፀጉርሽን፣ ሳቅሽን ሁሉ ነገረቻቸው። እሳቸውም ዓይናቸውን ጨፍነው ይሰሙ ነበር፤ በቃ አላሉም።

በማግስቱ፣ የኅዳር ሚካኤል ሳይደርስ፣ ለማንም ሳይናገሩ ወደ ነፍስ አባታችን ሄዱ። የተነጋገሩትን አላውቅም። ብቻ ከዚያ ወዲህ በዚያ በሚያመው ጉልበታቸው ስግደት ሲሰግዱ አየኋቸው። የበዓሉ ዕለት ከቅዳሴ በኋላ፣ በዚያው በማሉበት ደጃፍ፣ ያ የነካቸው ሰውም ባለበት፣ የነፍስ አባታችን በመስቀላቸው ዳብሰው ከመሐላው ፈቷቸው። ወደ ቤት ስንመለስ ብዙ መንገድ ሄድን። ከዚያ ምንም እንዳልተፈጠረ ሁሉ፣ ሐረግ ጥንቅሽ ትወድ ነበር፣ ከማሳው ዳር ያለውን እንዳትቆርጡት አሉኝ። ስምሽን ጠሩ እኮ፣ እታለም! መንገድ መሐል ቀጥ ብዬ ቀረሁ።

ከበደ እንግዲህ ከመሐላው ተፈትተዋል፣ በሚቀጥለው ጊዜ ስትቀርብ ከፊት ወንበር ተቀምጠው ያዩአታል ቢላቸው አባባ እንቢ አሉ። ይህን ያህል ጊዜ ቆይቼ መጀመሪያ የማያት በመስታወት አይደለም አሉት። አሁን ማሽላው ታጭዶ ገብቷል። ጎረቤቱ ሁሉ ማማውን አፍርሶ ማገዶ አድርጎታል፤ የእኛ ግን አንቴናዋን እንደተሸከመ ባዶው ማሳ መሐል ቆሟል። አባባ ራሳቸው ወጥተው ማሰሪያዋን በአዲስ ጠፍር አጥብቀዋታል። አንዱ መንገደኛ አባቴ፣ ማሳው ባዶ ነው፣ ምን ወፍ ሊጠብቁ ነው ብሎ ሲቀልድባቸው፣ የምትመጣ አለች አሉት።

እማዬ ሺህ ጊዜ ትስምሻለች፤ ቅቤና በርበሬ አዘጋጅታለች፣ ለመኪና ግን አላምንም፣ ራሷ መጥታ ትውሰድ ብላለች። ከበደ ሰላም ብሎሻል፣ አንቴናዋን የተከልኩት እኔ ነኝ ብለሽ ጻፊላት ብሎኛልና ይኸው ጻፍኩ። አብዱረዛቅ ሰላም ብሎሻል። እትዬ ሙሀባ ዱአ አድርጋልሻለች፣ አላህ በሰላም ያምጣት ትላለች። ቀይዋ ዶሮ ከቴሌቪዥኑ ላይ ከተባረረች ወዲህ አኩርፋ እንቁላሏን ጎረቤት ትጥላለች፤ ያም ሆኖ ሰላም ብላሻለች። ለእትዬ ፋዲላና ለቡድንሽ ልጆች በያሉበት ሰላምታዬን አቅርቢልኝ።

አሁን ደግሞ እስከዛሬ እየዘለልኩ ስጽፍልሽ የኖርኩት ቦታ ላይ ደረስኩ። አባባ ጋቢያቸውን ተከናንበው አጠገቤ ተቀምጠዋል፤ እኔ እንደምልሽ አድርገሽ ጻፊ፣ ከራስሽ አትጨምሪ ብለውኛል። እንዲህ ይላሉ፤

ለልጄ ለሐረገወይን። ዓይንሽን ለማየት ያብቃኝ።

ታናሽ እህትሽ እቴነሽ ወልደማርያም
ሸዋ ሮቢት፣ ታኅሣሥ ፲ ቀን ፲፱፻፹ ዓ.ም.